እግር ማጠብ በቂርቆስና በካዛንቺስ

ሁዳዴ ሊፈታ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በጸሎተ ሐሙስ፣ በቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ የተገኘ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚታይ ነገር ያያል። ምእመናን ነጠላቸውን በሐዘን ሥርዓት እንደለበሱ፣ ጫማቸውን አውልቀው ተራ ይጠብቃሉ። ወንጌሉ ይነበባል፤ ውኃው ይባረካል። ካህኑም ወገባቸውን በነጭ ጨርቅ ታጥቀው፣ የወይንና የወይራ ቅጠል ይዘው፣ ከተቀመጡት ሰዎች እግር ሥር ዝቅ ይላሉ። ሕፃኑም፣ ሽማግሌውም፣ ባለ ሥልጣኑም፣ በር ጠባቂውም እግሩን ወደ ውኃው ይዘረጋል። በሌላው ቀን መስቀል ለመሳለም ወደ ካህኑ ጎንበስ የሚለው ምእመን በዚያ ቀን ራሳቸው ካህኑ በእግሩ ሥር ጎንበስ ብለውለት ያያቸዋል።

እውነቱን ለመናገር፣ አብዛኞቻችን ወደዚህ ሥርዓት የምንመጣው እግራችንን ቤታችን በሚገባ ታጥበን ነው። ጥፍራችንን ቆርጠን፣ ተረከዛችንን ፈትገን፣ ንጹሕ ካልሲ አድርገን እንመጣለን። የሚታጠበው እግር ቀድሞ ታጥቦ ያደረ ነው! እኛም ከእነዚሁ አንዱ ነን። በአንድ የሐሙስ ቀን ግን ከፊታችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ተራቸው ሲደርስ እግራቸውን ወደ ኋላ ሰብሰብ አደረጉ። ተረከዛቸው በንቃቃት ተሰነጣጥቋል፤ ቀኑን ሙሉ ሲሠሩበት የዋሉበት የሲሚንቶ ብናኝ ከንቃቃቱ ውስጥ ገብቶ ነጥቷል። ካህኑ ምንም አልተናገሩም። እጃቸውን ዘርግተው እግሩን ያዙና ከሌሎቻችን እግር ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ አጠቡት። ሽማግሌው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከኋላቸው የቆምነው እኛ ደግሞ በንጹሕ እግራችን አፈርን።

ወንጌላዊው ዮሐንስ እንደሚነግረን፣ ጌታችን ከእራት ተነሥቶ ልብሱን አኑሮ፣ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ። ጴጥሮስ መጀመሪያ እምቢ አለ፤ በኋላ ግን ከእግሩም አልፎ እጁንና ራሱን ጭምር እንዲታጠብለት ለመነ። ብዙ ጊዜ የሚሰበከው ይህ የጴጥሮስ ነገር ነው። እኛን ሁልጊዜ የሚያስደንቀን ግን ሌላ ነው። ከታጠቡት እግሮች መካከል የይሁዳም እግር ነበረ። ይሁዳ ከማዕድ ተነሥቶ ወደ ጨለማው የወጣው ከታጠበ በኋላ ነው። የሚያጥበውም ያ እግር በዚያች ሌሊት ወዴት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር፤ ሆኖም አልዘለለውም። የሚገባውንና የማይገባውን መርጠን ለምንመጸውት ለእኛ ይህ ነገር ከባድ ነው። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስንት ጊዜ ነው፣ «ይህኛውስ ጤነኛ ነው፣ ሠርቶ መብላት ይችላል» ብለን ሳንቲማችንን ወደ ኪሳችን የመለስነው?

ከሥርዓቱ በኋላ ጉልባን አለ። የተከካ ባቄላና ስንዴ አንድ ላይ ተቀቅሎ፣ በጨው ብቻ የሚበላ የጾም ምግብ ነው። አባቶች እስራኤል ከግብፅ በችኮላ ከወጡበት ጊዜ ጋር ያያይዙታል። የጉልባን ደግነቱ ሀብታሙም ድሀውም ቤት አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። የፋሲካው ዶሮ ወጥ ግን እንዲህ አይደለም፤ በስንት ዕንቁላልና በስንት ቅቤ እንደተሠራ ከጓሮ የሚወጣው ሽታ ይናገራል። ጉልባን ለጎረቤት ሲላክ ማንም አያፍርም፤ ሲቀበልም ማንም አይሳቀቅም። የዕለቱ ትምህርት ከመቅደሱ ወጥቶ ወደ መንደሩ የሚገባው በዚሁ ሳህን ይመስለናል።

መንደሩ ቂርቆስና ካዛንቺስ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በዚህ የከተማ ክፍል የሚኖር ክርስቲያን በየአቅጣጫው የሚሳለማቸው አድባራት የተሰየሙባቸውን ቅዱሳን ታሪክ ልብ ብሎ ይመልከት። በመስቀል አደባባይ አጠገብ የቆመው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ነው። እስጢፋኖስን ሁላችንም የምናውቀው በድንጋይ ተወግሮ የሞተ ቀዳሜ ሰማዕት መሆኑን ነው። ነገር ግን የሐዋርያት ሥራ ስለ እርሱ መጀመሪያ የሚነግረን ስለ ሞቱ ሳይሆን ስለ ማዕድ ነው። በኢየሩሳሌም የዕለት ምግብ ሲታደል የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪ የነበሩት አይሁድ መበለቶች ተረሱ፤ ቅሬታ ተነሣ፤ ሐዋርያትም ሰባት ሰዎች ለዚህ አገልግሎት እንዲመረጡ አደረጉ። እስጢፋኖስ ከሰባቱ የመጀመሪያው ነው። የተመረጠበት የመጀመሪያ ሥራ የተረሱ ባልቴቶች እንጀራ እንዳይጓደልባቸው ማየት ነበር። ሰማዕትነቱ ከዚያ በኋላ መጣ። በየዓመቱ መስከረም 16 ቀን ለደመራ በደጁ የምንሰለፍ ሰዎች ይህን ብናስብ መልካም ነበር።

ቅዱስ ቂርቆስ ደግሞ የ3 ዓመት ሕፃን ነው። እናቱ ኢየሉጣ የፈላው የብረት ጋን ድምፅ እንደ ነጎድጓድ ሲያስገመግም ስትሰማ ልቧ ሸሸ፤ ያበረታታት ልጇ ነበር። ሐምሌ 19 ቀን መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል ሁለቱንም ያዳነበትን ተአምር እናከብራለን። በካዛንቺስ በኩል የሚገኘው የቅዱስ ዑራኤል ቤተ ክርስቲያንም አለ፤ በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ዑራኤል በዕለተ ዓርብ ከጌታ ጎን የፈሰሰውን ደም በጽዋ ተቀብሎ በምድር ላይ የረጨ መልአክ ነው። ለአንድ አገር ወይም ለአንድ ወገን ብቻ አላደረገውም፤ ዓለም ሁሉ እንዲደርሰው ረጨው።

ካዛንቺስ የሚለው ስም ከዚህ ሁሉ ጋር የማይገናኝ ነው። በ1928 ዓ.ም. የገባው የኢጣልያ ወራሪ ለመንግሥቱ ሠራተኞች ቤት ከሚሠራው ድርጅቱ ስም የተወሰደ ነው፤ «ካዛ ኢንቺስ» የነበረው በሕዝቡ አንደበት ካዛንቺስ ሆነ። በ1933 ዓ.ም. ወራሪው ተባረረ፤ ስሙና የድንጋይ ቤቶቹ ቀሩ። በኋላም በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ፣ ትልልቆቹ ሆቴሎችና መሥሪያ ቤቶች በዙሪያው ተተከሉ። ከእነዚህ ጀርባ ግን ሌላ ካዛንቺስ ነበረ። ትርፍ ቤቶች በ1967 ዓ.ም. ከተወረሱ በኋላ በቀበሌ ኪራይ የሚኖርባቸው፣ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ቤቶች፣ አንድ በር ያለው ግቢ፣ አንድ የውኃ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ። በቂርቆስ በኩልም፣ ከለገሃር ጀርባ እስከ መሿለኪያ፣ አኗኗሩ ከዚህ ብዙም አልተለየም።

በእንደዚህ ያለ ግቢ የኖረ ሰው «አገልግሎት» የሚለውን ቃል ከስብከት ሳይሆን ከኑሮ ይማረዋል። የጎረቤት ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እናቱ ከሥራ ካልመጣች ምሳውን የሚበላው ክፍት ሆኖ ካገኘው ቤት ነው። አራስ ስትኖር ገንፎው ከየቤቱ ይመጣል። የታመመ ሲኖር አንዷ ሐኪም ቤት ታድራለች፣ ሌላዋ የእርሷን ልጆች ትይዛለች። ሊጥ ያነሰው ሊጥ፣ እርሾ የሌለው እርሾ ይበደራል፤ የሚመለሰውም አንዳንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቡናው ሲፈላ «ቡና ጠጡ» ይባላል፤ በዚያ ሦስት ስኒ ውስጥ ማን እንደተከፋ፣ ማን ኪራይ እንደጎደለው፣ የማን ልጅ ሰካራም እንደሆነ ይታወቃል። ሐሜቱ የለም አንልም፤ ሐሜቱማ ሞልቷል። ነገር ግን በዚያው ሐሜት በኩል ችግሩ ይሰማል፤ የተሰማ ችግር ደግሞ ሳይረዱት ማለፍ ያሳፍራል። ያጠበ ሰው «አጠብሁ» የማይልበት፣ የታጠበም «ታጠብሁ» ብሎ የማያመሰግንበት የእግር አጠባ ይህ ነበር።

ማኅበሩና ሰንበቴው፣ ኢድሩም የቆሙት በዚሁ መሠረት ላይ ነው። በወር አንድ ቀን በቅዱሱ መታሰቢያ የሚጠጣው ጽዋ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ተረኛው ጽዋውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ሲሄድ አደራ ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ሰንበቴው ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዳቦውንና ጠላውን አቅርቦ ከነዳያን ጋር ይቋደሳል። ኢድሩ ደግሞ ሃይማኖት አይለይም፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ መዝገብ ይከፍላል፣ በአንድ ድንኳን ይቀመጣል። ጡሩንባው በንጋት ሲነፋ ሰው ሥራውን ትቶ ይወጣል። በኤች አይ ቪ ምክንያት በየቤቱ አልጋ የያዘው በበዛበት ዘመን ደግሞ በአዲስ አበባ ብዙ ኢድሮች አንድ ከባድ ጥያቄ ተጠየቁ፤ ሰውን ለመቅበር ገንዘብ የምናዋጣ ከሆነ በሕይወት ሳለ ለማስታመም ለምን አናዋጣም? መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለው ለሕሙማንና ወላጆቻቸውን ላጡ ልጆች መድረስ የጀመሩ ነበሩ። ይህ ቀላል ለውጥ እንዳይመስለን። ድንኳንና ሳህን ከማከራየት አልፎ፣ ሰው ሁሉ የሚሸሸውን በሽተኛ ገላ ማጠብ ነበር።

ወደ ዕለት ሥራችን እንምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንወድቃለንና። ንጋት ላይ በዑራኤል ኪዳን አድርሶ፣ ፊቱን በመስቀል አስዳሶ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ አለ። አንዲት አሮጊት የጡረታ ደብተራቸውን ይዘው ከፊቱ ይቆማሉ። ፋይሉ ከኋላው ካለው መደርደሪያ ላይ ነው፤ መነሣት ብቻ ነው የሚጠይቀው። «ነገ ይመለሱ» ይላቸዋል። እኒያ እናት ነገ ለመመለስ የታክሲ ሁለት ጉዞ ሒሳብ ያወጣሉ፤ እርሱም ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላለው ለማኝ ከዚያ ያነሰ ሳንቲም ጥሎ ያልፋል። በደሉን በምጽዋት ያጠበ ይመስለዋል፤ ሒሳቡ ግን አይገጥምም። የእህል ነጋዴው ሚዛን፣ የታክሲው ረዳት መልስ፣ ቤት ሠራተኛዋ በጾም ቀን የምትበላውና የምታርፍበት ሰዓት፣ መምህሩ የሚያርመው ደብተር፣ ሁሉም በዚሁ ሒሳብ ውስጥ ይገባሉ። ፍትሐ ነገሥታችን ስለ ጸሎት፣ ስለ ጾምና ስለ ምጽዋት በተከታታይ አንቀጾች መጻፉ በከንቱ አይደለም። እኛ ግን ከሦስቱ ጾሙን አጥብቀን ይዘን ሌሎቹን ለአቅሙ ላለው ትተናል።

ይህን የምንለው ከራሳችን ዘመን ተነሥተን ብቻ አይደለም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም፣ የቤተ መቅደሱን ጠረጴዛ በወርቅ ጽዋ እያስጌጡ በደጅ የተራበውን ወንድም መርሳት ምን ይጠቅማል ብሎ ሕዝቡን ገሥጿል፤ መጀመሪያ የተራበውን አጥግብ፣ ከተረፈህ መሠዊያውን አስጊጥ የሚል ነበር ምክሩ። ቅዱስ ባስልዮስም በቂሳርያ የስብከቱን ቃል በድንጋይና በጭቃ አቆመው፤ ለድሆች፣ ለመንገደኞችና ለሕሙማን ማረፊያ የሚሆን ትልቅ ተቋም ሠርቶ፣ ሰው የሚጸየፋቸውን የሥጋ ደዌ ሕሙማን በዚያ ተቀብሏል። ስማቸውን በቅዳሴያችን የምንጠራቸው አባቶች እንዲህ ያሉ ነበሩ። ዜማቸውን በሚገባ ይዘናል።

ከእኛው አገርም ምስክር አለ። አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግሸን ማርያም የሄዱት እንደ ማንኛውም ተሳላሚ ነበር። ወሎ በረኀብ ላይ ነበረች። በመንገዱ ዳር የወደቁትን ሰዎች አይተው የያዙትን ዳቦና ጠበል አካፈሉ፤ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱም ሁለት ወላጅ አልባ ሕፃናት ይዘው መጡ። በዓመቱ የልጆቹ ቁጥር ከ20 በላይ ሆነ። ቤተሰብ ተቃወማቸው፤ ትዳርና ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ኑሮን ከባዶ ጀመሩ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. በኮቪድ 19 ሕመም ሲያርፉ በእጃቸውና በመሠረቱት ድርጅት ያደገው ልጅ ብዛት የአንድ ከተማ ነዋሪ ያህል ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። እኛ ብዙዎቻችን ግሸን ደርሰን የምንመለሰው አፈርና ጠበል ይዘን ነው። እርሳቸው ልጅ ይዘው ተመለሱ።

በ2002 ዓ.ም. በአቶ ቢኒያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃም በዚሁ ከተማ ከየጎዳናው የወደቁትን አንሥቶ፣ አጥቦና አልብሶ የሚያኖር ነው። ስሙን የሰማ መጽሐፍ አንባቢ ሐዋርያው ጳውሎስ ያመሰገናቸውን፣ በድህነታቸው ላይ የለገሱትን የመቄዶንያ ምእመናን ያስታውሳል። ወደዚያ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ምግቡን ሳይሆን እጥበቱን ነው። ለወራት ውኃ ያልነካው ገላ ሲታጠብ፣ የተቆላለፈ ፀጉር ሲላጭ፣ የተበላሸ ቁስል ሲጠረግ ማየት ሆድ ያንሣል። በዓል ሲመጣ በቡድን ሄደን ማዕድ አቅርበን፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን እንመለሳለን፤ መልካም ነው፣ አይከለከልም። እጥበቱ ግን በበዓል ማግሥትም አለ።

አሁን የራሳችንን ነገር እንናገር። ትልቅ ታሪክ አይደለም፤ እንዲያውም ሊነገር የማይበቃ ትንሽ ነገር ነው። ነገር ግን በየፋሲካው ይመለስብናል።

በካዛንቺስ እንኖርበት በነበረው ግቢ፣ ከመጨረሻው ክፍል፣ ሁላችንም «እማማ» የምንላቸው ብቸኛ አሮጊት ነበሩ። ልጅ አልወለዱም፤ ዘመድ ቢኖራቸውም ሩቅ አገር ነው። በየዓመቱ ለፋሲካ፣ ከቅዳሴ ተመልሰን ማዕዱ እንደተቆረሰ፣ ድፎ ዳቦና ወጥ በሳህን አድርገን በልጅ እጅ እንልክላቸዋለን። ይህን የምናደርገው እኛ ብቻ አልነበርንም፤ የግቢው ሰው ሁሉ ይልካል። በአንድ ዓመት ግን እንግዳ መጣብን። ቤቱ ሞላ፤ ጨዋታው ደራ። ሳህኑ ትዝ ሲለን ቀኑ መሽቷል። «ግድ የለም፣ እነ እገሌ ልከውላቸዋል» ተባባልን። በማግሥቱ ሰኞ ቡና ላይ ነገሩ ተነሣ። «እናንተ ልካችኋል ብለን ነው እኮ» አለች አንዷ ጎረቤት። ሌላዋም እንዲሁ። ከሰባት ቤት ሰባቱም በሌላው ተማምኗል። 55 ቀን ሙሉ የጾሙት እማማ የፈሰኩት ከሐሙስ በተረፈ ጉልባን ነበር።

ተነሥተን ተንጋግተን ወደ ክፍላቸው ሄድን። እግራቸው ሥር ወድቀን ይቅርታ ልንለምን ነበር ሐሳባችን። በሩን ከፍተው ሲያዩን ግን እኛን ቀደሙን።

«ደኅና ናችሁ ወይ ልጆቼ? ትናንት አንዳችሁም ብቅ ሳትሉ ስትቀሩ፣ ምን ነካቸው፣ ታመው ይሆን ብዬ ሌሊቱን ስሰጋ አደርሁ» አሉን።

አንዳችንም የምንመልሰው አላገኘንም። ሊያጥባቸው የመጣ ሁሉ ታጥቦ ቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራ ተጻፈ፤ የግቢው ሴቶች ለእያንዳንዱ በዓል ማን እማማን እንደሚጠይቅ በስም ለዩ። ወረቀቱ በበሩ ጀርባ ተለጥፎ ለብዙ ጊዜ ቆየ። እኛም ከዚያ የተረዳነው ነገር ቢኖር፣ የሁሉም የሆነ ግዴታ ቶሎ የማንም እንደሚሆን ነው። ሐዋርያትም ሰባቱን ሰዎች በስም የመረጡት ለዚህ ይሆናል።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የኮሪደር ልማቱ ሥራ ካዛንቺስ ሲደርስ ያ ግቢ ከብዙ ሌሎች ግቢዎች ጋር ፈረሰ። ነዋሪው በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ወደሚገኘው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ስፍራዎች ተዛወረ። ስለ አሮጌዎቹ ቤቶች ሲነገር እውነቱ መካድ የለበትም፤ ጣሪያቸው ያፈስ ነበር፤ የጋራ መጸዳጃቸውም ለሰው ልጅ የሚገባ አልነበረም። በየቤቱ ውኃና መጸዳጃ ያገኘች እናት ብታመሰግን ማንም ሊፈርድባት አይችልም። የመንገዱም ስፋት፣ የዛፉም ልምላሜ ለዓይን ያምራል። የእኛ ጥያቄ ስለ ቤቱ አይደለም። ግድግዳው ሲፈርስ በግድግዳው ላይ ተደግፎ የነበረው ነገር የት ይቀመጣል ነው።

የኢድሩ ድንኳን በማን ግቢ ይቀመጥ? ጡሩንባው ቢነፋ እስከ የት ይሰማል? የሰንበቴዋ ተረኛ ዳቦዋን ተሸክማ ከከተማው ዳር በሌሊት መነሣት ይኖርባታል። ቀድሞ በእግሯ ሄዳ ለምትሳለመው ታቦት አሁን ሁለትና ሦስት መኪና መቀያየር አለባት። በአዲሱ ሕንፃ ላይ ደግሞ በሩ ይዘጋል፤ የጎረቤት ስም ሳይታወቅ ወራት ያልፋሉ። ደረጃው ላይ ሲገናኙ ሰላምታ አለ፤ የቡናው ጥሪ ግን ገና አልተለመደም። ስልክ አለ በእርግጥ። ኀዘንም በስልክ ይነገራል፤ መዋጮም በስልክ ይላካል። ሳህን ግን በስልክ አይላክም፤ የታማሚ ትራስም በስልክ አይስተካከልም።

ከተዛወሩት አንዳንዶቹ የቀድሞ ማኅበራቸውን አላፈረሱም። በወር አንድ ቀን፣ ጽዋው ባለበት ቤት፣ ከየአቅጣጫው ይሰበሰባሉ፤ ቀድሞ ከቀትር በኋላ ይጀመር የነበረው አሁን በጠዋት ይጀመራል፣ ለመመለሻ መኪና ሲባል። ሌሎች በአዲሱ መንደር አዲስ ኢድር አቋቁመዋል፤ ከመርካቶ፣ ከፒያሳና ከሌላም የመጣ ሰው በአንድ መዝገብ ተጽፏል። በሁለት ኢድር የሚከፍሉም አሉ፤ አንዱ ለድሮው ጎረቤት፣ አንዱ ለአዲሱ። ለጡረተኛ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። አንዲት እናት ለምን እንደማይተዉት ብንጠይቃቸው፣ «እኔ ስሞት የሚያለቅሰው የድሮው ነው፤ የሚሸከመኝ ግን የአሁኑ ነው» ብለው ሳቁ።

እማማም ተዛውረዋል። የደረሳቸው ክፍል ከምድር ቤቱ ሲሆን ለእግራቸው ተስማምቷቸዋል። በበሩ ጀርባ የነበረው የተራ ወረቀት በመዛወሩ ግርግር ጠፋ፤ የግቢው ሰው በሦስትና በአራት ስፍራ ተበትኗል። ተራውን እንደገና ለመጻፍ ስልክ ተደዋወልን። የመኪናው ሒሳብ፣ የልጆቹ ትምህርት፣ የሥራው ሰዓት ተነሣ፤ እንደ ቀድሞው በአንድ ቡና የሚያልቅ ነገር አልሆነም። በመጨረሻ የፋሲካው ለእኛ ደረሰን። ቅዳሜ ማታ ቅዳሴ ከመሄዳችን በፊት ዳቦው እንዲደርስ፣ እሑድ ጠዋት ማዕዱን ከመቁረሳችን በፊት ሳህኑን በፎጣ ቋጥረን እንድንነሣ ተስማማን። ልጆቹ «ሳንበላ?» ብለው አጉረመረሙ፤ መልስ አልሰጠናቸውም፣ እኛም በልባችን ያንኑ ብለናልና።

ይህንኑ ልንነግራቸው በጸሎተ ሐሙስ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ወደ እማማ ደወልን። እግራችን ገና ከውኃው እርጥብ ነበር። እሑድ እንደምንመጣ፣ ምንም እንዳያዘጋጁ ነገርናቸው። ከወዲያ በኩል የሰዎች ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ማን እንዳለ ጠየቅናቸው። አዲሶቹ ጎረቤቶቻቸው መሆናቸውን ነገሩን፤ ከማለዳው ጀምረው ትልቅ ድስት ጥደው ለደረጃው ሰው ሁሉ ሲያድሉ ውለዋል። ስማቸውን ገና በሚገባ አልለዩአቸውም፤ «የሦስተኛው ፎቅ ልጅ» እና «የጥግዋ» ይሏቸዋል።

«ደግሞ ባዶ እጃችሁን እንዳትመለሱ ብዬ» አሉን እማማ፣ «ለእናንተም ጉልባን አስቀምጬላችኋለሁ።»